ካርቶኑ ላይ ካት 8፣ ውስጡ አሉሚኒየም

አቦ ይሄን ዛሬ ካልተናገርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሐቀኛ የኔትወርክ ኬብል መግዛት ለምን እንዲህ ይከብዳል?

የማወራው ከራውተሩ ተነስቶ ሳሎን ያለው ሙዚቃ ማጫወቻ ድረስ ስለሚሄደው ሽቦ ነው። ታይዋን ገበያ ግቡ፣ አሸዋ ገበያ ግቡ፣ መደርደሪያው ሞልቷል። ካርቶኑ ያብረቀርቃል። ካት 7፣ ካት 8 («ካት» የኬብሉ ደረጃ ነው)፣ ጫፉ በወርቅ የተለበጠ፣ ለሙዚቃ ልዩ። ይሄ ሁሉ ሲጻፍ ሽቦው ከምን እንደተሠራ ግን አይጻፍም። ሻጩን ስትጠይቁት «ኦሪጅናል ነው» ይላል። እኔ የጠየቅኩት መዳብ ይሁን አይሁን ነው። «አንድ ጣት የምታህል ቁረጥልኝና ልየው፤ የቆረጥከውን እከፍላለሁ» ስለው ፊቱ ይለዋወጣል። «ካልፈለግክ ተወዋ አቦ!» ይለኛል። ገንዘቤን ይዤ ቆሜ፣ የምገዛውን ዕቃ ልየው ስላልኩ እንደ ነገረኛ እታያለሁ።

ገበያውን ያጥለቀለቀው ሲሲኤ የሚባለው ነው። አሉሚኒየም ሽቦ ላይ ስስ መዳብ ለብጠው የሚሸጡት ማለት ነው። ከውጭ ቀይ ስለሆነ መዳብ ይመስላል። አሉሚኒየም ግን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ነው። ሲተጣጠፍም ከመዳብ ቶሎ ይሰበራል። የተቆረጠው ጫፍ አየር ሲያገኘው ኦክሳይድ ይሠራና ጃኩ (ጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ) ውስጥ ያለው ግንኙነት ቀስ በቀስ ይላላል። ዛሬ ይሠራል፣ ከወራት በኋላ ያስቸግራል፤ ያኔ ደግሞ ማንም ኬብሉን አይጠረጥርም። የካት 5ኢ እና የካት 6 ስታንዳርድ የሚጠይቀው መዳብ ነው። ስለዚህ አሉሚኒየም ላይ «ካት 6» ብሎ ማተም ውሸት ነው። ሌላ ስም የለውም።

አጎቴ ቤት የሆነውን ስሙኝ። ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከዚራ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም የድሮ ድንጋይ ቤት። ዋይፋዩ ከፊት ለፊቱ ክፍል ተነስቶ ሳሎን አይደርስም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ትልቁ ደስታቸው ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰው ከቤት በማያስወጣበት ሰዓት፣ ጋደም ብለው ዘፈን መስማት ነው። የጥላሁንን ዘፈኖች ይወዳሉ። የከተማችንን ልጅ የአሊ ቢራን ኡድ ሲሰሙ ደግሞ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈልጉም። ልጃቸው ይሄን አይታ ከውጭ ስትሪመር (ሙዚቃ ከኢንተርኔት እየተቀበለ የሚያጫውት ዕቃ) እና ጥሩ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላከችላቸው። ባለሙያ ተጠርቶ ኬብል ተዘረጋ።

ዘፈኑ መሃል ላይ ይቆማል። ይቀጥላል፣ ደግሞ ይቆማል። ባለሙያው ተመልሶ መጣና «ጋሼ፣ ይሄ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው፤ ካት 8 እናድርገው፤ ድምፁ ይጠራል፣ ቤዙም ይወፍራል» አላቸው። ከጡረታቸው አውጥተው ከፈሉ። የሚያውቅ ሰው ሲነግራቸው ለምን አያምኑም? አዲሱም ያው ሆነ። መጨረሻ ላይ እኔ ሄጄ የአሮጌውን ጫፍ በምላጭ ፋቅኩት፤ ከቀዩ ሥር ብርማ ነገር ወጣ። አዲሱን ፋቅኩት። እሱም ብርማ! ያው አሉሚኒየም ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ ዋጋው ብዙ እጥፍ ሆኖ መጥቶ ነው። ደሜ ፈላ። አንድ ሽማግሌ ዘፈን ልስማ ባሉ በአንድ ዓይነት ዕቃ ሁለቴ ይበላሉ?

ደግሞ እኮ ለሙዚቃ የሚያስፈልገው በጣም ትንሽ ነው! በሲዲ ጥራት ያለ ሙዚቃ ምንም ሳይጨመቅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። 44,100 ናሙና በሰከንድ፣ እያንዳንዱ 16 ቢት፣ ለግራና ለቀኝ፤ አባዙት፣ ይመጣላችኋል። በጣም ከፍተኛ የሚባለው ባለ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ ፋይል እንኳ 9.2 ሜጋቢት ገደማ ነው። ተራ የመዳብ ካት 5ኢ ደግሞ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1,000 ሜጋቢት ይሸከማል። ከመቶ እጥፍ በላይ ትርፍ አለው ማለት ነው። ካት 8 የተሠራው ለዳታ ሴንተር፣ ብዙ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ለተደረደሩበት ቦታ ነው። 25 እና 40 ጊጋቢት እንዲያስተላልፍ፣ ያውም እስከ 30 ሜትር ብቻ። የአጎቴ መስመር ከ30 ሜትር ይበልጣል። እውነተኛው ካት 8 ቢመጣላቸው እንኳ ለዚያ ቤት አልተሠራም።

«ቤዙ ይወፍራል» የሚለውማ በጣም ነው የሚያናድደኝ። በኔትወርክ ኬብል ውስጥ የሚሄደው ዘፈኑ ተቆራርጦ፣ በቁጥር ታሽጎ ነው። እያንዳንዱ እሽግ መፈተሻ ቁጥር አለው። መንገድ ላይ የተበላሸ እሽግ ይጣላል፤ በተለመደው ስትሪሚንግ እንደገና ይላካል። ስትሪመሩ ተቀብሎ ያጠራቅመዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው በራሱ ሰዓት እየለካ ወደ ድምፅ የሚቀየረው። ስለዚህ መጥፎ ኬብል ዘፈኑን ያቆመዋል፣ ያቆራርጠዋል። ቤዙን አያቀጥንም፣ የዘፋኙን ድምፅ አያደበዝዝም። የአጎቴ ችግር መቆራረጥ ሆኖ ሳለ የተሸጠላቸው የድምፅ ጥራት ነው።

በኬብል ምክንያት ድምፅ ላይ ችግር ሊመጣ የሚችልበት አንድ እውነተኛ መንገድ አለ። እሱም በውዶቹ ኬብሎች ነው የሚመጣው! ካት 7 እና ካት 8 በብረት ፎይል የተጠቀለሉ ናቸው፤ ጫፋቸውም ብረት ነው። ያ ብረት የራውተሩንና የስትሪመሩን አካል፣ በስትሪመሩም በኩል የአምፑን ያገናኛል። ሶኬቶቹ በሽቦ ከመሬት ጋር በትክክል ያልተገናኙበት (ኧርዝ የሌለበት) ቤት ውስጥ፣ ወይም አንዱ ዕቃ ከሌላ መስመር ሲበራ፣ በዚያ ብረት በኩል ጅረት ይዞርና ስፒከሩ «እምምም» ማለት ይጀምራል። ፎይል የሌለው ተራ ዩቲፒ ይሄ ጣጣ የለበትም፤ ዕቃዎቹ ራሳቸው መግቢያቸው ላይ ትራንስፎርመር ስላላቸው ሲግናሉ ብቻ ያልፋል። ርካሹ ለሙዚቃ የተሻለ ሆኖ ሳለ ነው ሰዉን ወደ ውዱ የሚነዱት።

አዘረጋጉም ሌላ በደል ነው። የቤት ውስጥ ኬብል በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይዘረጋል፤ በድሬ ፀሐይ! ሽፋኑ ፒቪሲ ነው፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሽቦ ሲሞቅ ደግሞ ሲግናሉ በመንገድ ላይ ይበልጥ ይዳከማል። ለውጭ የተሠራ ጥቁር ሽፋን ያለው ኬብል አለ እኮ። ካልተገኘ ቱቦ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

ጃኩንም እንደመጣላቸው ነው የሚመቱት። ሳቢያን ሰፈር አንድ ጓደኛዬ ቤት ያየሁት ቀለሞቹ በጥንድ በጥንዳቸው ተደርድረው ነው፤ 1 እና 2፣ 3 እና 4፣ እንዲህ እያለ። ትክክሉ ሦስተኛው ሽቦ ከስድስተኛው ጋር፣ አራተኛው ከአምስተኛው ጋር እንዲጣመር ነው። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠመዘዙት አንዱ የሌላውን ጫጫታ እንዲያጠፋ ነው። ጥንዱ ከተሰበረ ጥቅሙ ይቀራል። ባለ 8 መብራቱ ርካሽ ቴስተር ደግሞ ይሄን አይይዝም። መብራቱ በሙሉ በተራ ይበራል፣ «ሠራ!» ይባላል፣ ገንዘብ ተቀብሎ ይኬዳል።

ሁሉም ሻጭ አታላይ ነው አላልኩም። ብዙዎቹ ካርቶኑን አምነው የሚሸጡ ናቸው፤ እነሱም ተሸጦላቸው ነው። ግን በየቀኑ የምትሸጠውን ዕቃ አንድ ቀን በምላጭ ፍቀህ ማየት ያቅታል? ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ክብደቱም ይናገራል፤ አሉሚኒየም በጣም ቀላል ስለሆነ እኩል ርዝመት ያላቸውን ሁለት ጥቅሎች ስታነሱ እጃችሁ ያውቀዋል። ሽፋኑ ላይ የታተመውንም አንብቡ። ለረጅም መስመር 23 ወይም 24 ኤደብልዩጂ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ) የሚል ፈልጉ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሽቦው ይቀጥናል። ሲሲኤ የሚል ካያችሁ መልሱት። ምንም ካልተጻፈበትም መልሱት።

ሻጮች፣ እባካችሁ ባንኮኒው ላይ ከየዓይነቱ አንድ ቁራጭ አስቀምጡ። ሰው አይቶ፣ ፍቆ ይግዛ። አሉሚኒየሙንም አሉሚኒየም ነው ብላችሁ በዋጋው ሽጡት፤ ለአጭር ጊዜ ሥራ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም። ዘርጊዎችም ዕቃው ሳይታይ ደረጃ አትጨምሩበት፤ በተለይ ለሽማግሌ።

አሁን ለአጎቴ ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ ወይም ካት 6፣ ዩቲፒ፣ የውጭ ሽፋን ያለው፣ ወደ 40 ሜትር እየፈለግኩ ነው። ድሬም ሆነ ሐረር ቆርጦ የሚያሳይ ሻጭ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ነገውኑ እመጣለሁ፤ ምላጩን እኔ ይዤ እመጣለሁ።