«ቺፕንዴል» የዘይቤ ስም እንጂ የሠሪ ማረጋገጫ አይደለም

ከማሆጋኒ እንጨት የተሠራ ጥንታዊ የእንግሊዝ ባለመሳቢያ ኮመዲኖ «ቺፕንዴል» ከተባለ፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ የቤት ዕቃ ሠሪ ቶማስ ቺፕንዴል ራሱ ሠርቶታል የሚለውን አስተያየት በአክብሮት ላርም። ቺፕንዴል እ.ኤ.አ. በ1754 ንድፎቹን በመጽሐፍ ስላሳተመ፣ ከለንደን ውጭ ያሉትን ጨምሮ በርካታ አናጢዎች በእርሱ ዘይቤ ሠርተዋል፤ ስለዚህ ስያሜው በአብዛኛው የሚያመለክተው ዘይቤውን ነው። በሥራዎቹ ላይ ማኅተም የማድረግ ልማድም ስላልነበረው፣ በመሳቢያው ውስጥ ስሙን መፈለግ አያዋጣም። አስተማማኙ መንገድ ዕቃው የወጣበትን ቤት የሒሳብ ሰነድ ማመሳከር ነው፤ በእንግሊዝ ዮርክሸር በሚገኙት ትልልቅ የመኳንንት ቤቶች፣ በሄርውድ ሃውስና በኖስቴል፣ ያሉ በርካታ ዕቃዎች የእርሱ መሆናቸው የተረጋገጠው እንዲህ ባሉ የክፍያ መዝገቦችና ደብዳቤዎች ነው። ያለ ሰነድ በስሙ ብቻ ተማምኖ የሚገዛ ሰው፣ ዕቃው የቱንም ያህል ውብ ቢሆን፣ ላልታወቀ አናጢ ሥራ የቺፕንዴልን ዋጋ ሊከፍል ይችላል።