ይድረስ ለክቡር ሬይድ ዜሮ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተወሰደብንን 8 ቴራባይት ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከአንደኛው ዲስክ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። ሁለተኛውም ደህና ነው፤ ነገር ግን እርስዎ ለፍጥነት ሲሉ ሁለቱን እንደ አንድ ዲስክ አጣምረው ስላሰሩት ያለ ባልንጀራው ትንፍሽ አልልም ብሏል።

በቅድሚያ የስምዎን ነገር እናንሳ። በ1988 የበርክሌይ ተመራማሪዎች የሬይድን (ዲስኮችን አጣምሮ የማሠራት ዘዴን) ደረጃዎች ሲዘረዝሩ ከ1 እስከ 5 ነበር የቆጠሩት፤ እርስዎ አልነበሩበትም። የስሙ (RAID) የመጀመሪያ ፊደል በእንግሊዝኛ መጠባበቂያን የሚያመለክት ሆኖ ሳለ፣ እርስዎ ቅንጣት መጠባበቂያ ሳይዙ ዘግይተው መጥተው ቤተሰቡን ተቀላቀሉ። ዜሮውን ግንባርዎ ላይ መለጠፍዎ ግን ያስመሰግንዎታል። አላነብም ያለው ገዢው ነው።

አበው "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይላሉ። እርስዎ ሁለቱንም ይተክሉና አንዱ ሲሰበር ሌላውን ራስዎ ይነቅሉታል። አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመሞት ዕድሉ 3 በመቶ ነው እንበል፤ በእርስዎ እጅ ሁለት ሲሆኑ ሁሉንም የማጣት ዕድል 5.9፣ አራት ሲሆኑ ወደ 11.5 በመቶ ይወጣል። ግን ኤዲቲንግ ከፈጠነለት ይህን ማን ቁጭ ብሎ ያሰላል?

ሥራዎ ፋይሉን እንደ ጎመን፣ ለምሳሌ በ64 ኪሎባይት፣ ከትፎ አንዱን ለዚህ፣ ቀጣዩን ለዚያ ማደል ነው። አንዱ ዲስክ ጨርሶ ከሞተ፣ ከ64 ኪሎባይት ያነሰች ደብዳቤ ዕድል ከቀናት ሙሉዋን ትተርፋለች። የ4 ጊጋባይት የሰርግ ቪዲዮ ግን ከ65,536 ቁራጭ 32,768ቱን ያጣል። ሙሽራው አዳራሽ ሲገባ ሙሽራዋ ሌላው ዲስክ ላይ ትቀራለች።

እውነት ለመናገር ከእርስዎ ይልቅ ያስመረሩን ግብረ አበሮችዎ ናቸው። ዲስኩን ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት ዊንዶውስ "ኢኒሻላይዝ ላድርገው (እንደ አዲስ ላዘጋጀው)?" ይላል፤ እነሱም እሺ! ይኸው የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል (ሴክተር) ተጻፈበት። የዊንዶውስን ዲስክ መጠገኛ፣ ቼክዲስክን፣ የሚያስኬዱም አሉ፤ ቅደም ተከተሉ በተዛባ ዲስክ ላይ ደህናውን መዝገብ "እየጠገነ" ያጠፋዋል። ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋው ጎን የሚያስተኙትስ? ሲወጣ ጤዛ ይዞ ይወጣል። ሰርኪዩት ቦርዱን ከተመሳሳይ ሞዴል የሚቀይሩትም፣ የዚያን ዲስክ ማስተካከያ የያዘችውን ባለ 8 እግር ቺፕ አብረው ካላዛወሩ ለፍተው መና ነው።

ንብረታችንን የምናስመልስበትን መንገድ ይወቁት፤ አንደብቅዎትም። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ማጥፋት። ከዚያ እያንዳንዱ ዲስክ ላይ የተሰካበትን ቦታና ሴሪያል ቁጥሩን በፕላስተር መለጠፍ። ቀጭ ቀጭ የሚል ካለ መብራት አይነካውም፤ ከአቧራ የጸዳ ክፍል ላለው ባለሙያ ይሄዳል። የሚነበብ ከሆነ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን የስማርት ሪፖርት 5 (የተተኩ ሴክተሮች) እና 197 (ማንበብ ያስቸገሩ ሴክተሮች) ቁጥር ማየት ነው። 197 ዜሮ ካልሆነ ፋይል መገልበጥ ክልክል፤ ሙሉው ዲስክ ዲዲሬስኪው በተባለ የማዳኛ ፕሮግራም ወደ ኢሜጅ (የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ ፋይል) ይቀዳል። በመጀመሪያው ዙር የቆሰለውን እየዘለለ ደህናውን ይሰብስብ፣ ከዚያ ወደ ቁስሉ ይመለስ፤ ሦስት ሙከራ ይበቃል። የተነበበውንና የቀረውን የሚመዘግበውን ማፕ ፋይል ካስያዙት መብራት ቢሄድም ካቆመበት ይቀጥላል። ምንጩንና መድረሻውን አቀያይሮ የጻፈ ግን ሕመምተኛውን በገዛ እጁ ቀበረው። ጤነኛ ባለ 4 ቴራ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢነበብ እንኳ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ለኢሜጆቹ 8 ቴራ፣ ለሚወጣው ፋይል ሌላ 8 ቴራ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል።

አሁን ምስጢርዎን እናወጣለን። ከሁለቱ የትኛው ፊተኛ ነው? ፓርቲሽን ቴብሉ (የዲስኩ አከፋፈል ሠንጠረዥ) ያለበት፤ የ4 ቴራ ዲስክ ሆኖ "8 ቴራ ነኝ" የሚለው ጉረኛ እሱ ነው። ሁለተኛው ሲከፈት ትርጉም አልባ ነው። የቁራጩ መጠንስ? የፋይል አደረጃጀቱ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ የአንዱን ኢሜጅ ጥሬ ባይቶችን በሚያሳይ ሄክስ ኤዲተር ከፍተን የፋይል መዝገቦቹን እንቆጥራለን። እያንዳንዱ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ 1 ኪሎባይት ነው፤ ቁጥሩም ራስጌው ላይ ተጽፏል። ከ0 እስከ 63 ሄዶ ድንገት 128 ካለ፣ ቁራጭዎ 64 ኪሎባይት ነው፤ ከ64 እስከ 127 ያሉት ሌላው ዲስክ ላይ ተቀምጠዋል። ከ63 ወደ 256 ከዘለለ ግን አራት ዲስክ ነበሩ ማለት ነው። በሊኑክሱ የሬይድ መሥሪያ፣ በኤምዲአድም፣ የተሠራ ከሆነ ዲስኩ ራሱ ይናዘዛል፤ ሳይነገረው የቀረ እንደሆነ 512 ኪሎባይት ነው የሚከትፈው።

ኢሜጆቹን በንባብ ብቻ ካጋጠምን በኋላ ትንሽ ፎቶ ተከፈተ ብለን እልል አንልም፤ ከ64 ኪሎባይት ያነሰ ፋይል ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥም ሊከፈት ይችላል። ብዙ ሜጋባይት ያላቸውን ፎቶዎች እንከፍታለን። የሙሽራዋ ግንባር ደህና ሆኖ ከቅንድቧ በታች ግራጫ ከሆነ፣ ወይ ቅደም ተከተሉ ወይ መጠኑ ተሳስቷል፤ እንደገና ወደ ቆጠራው።

ከአክብሮት ጋር፣
መረጃ አስመላሾች

ግልባጭ፦
ለ2ኛው ዲስክ (ሲነቃ ይነበብለት)
ለባክአፕ (አድራሻው እንደተገኘ)