«ልምድ ነበረው?»

እናቴ ሻንጣው ላይ ተቀምጣለች። እኔ ዚፑን እጎትታለሁ። ውስጡ በርበሬ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ድርቆሽ አለ፣ የማላውቀው ሰው ለማላውቀው ሰው የላከው በሶም አለ። ሚዛኑ 26 ኪሎ ይላል። የተፈቀደው 23 ነው። እናቴ «ሚዛኑ ነው የተበላሸው» ብላ ድርቅ ብላለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ አዳማ። (እናቴ አሁንም ናዝሬት ነው የምትለው። እኔም አንዳንዴ ያመልጠኛል።) በረራዬ ማታ ነበር።

ዐቢይ ጾም ከገባ ሳምንቱ ነው። እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። የናዝሬት ነፋስ እንደ ልማዱ የሰፈሩን አዋራ ሁሉ ሰብስቦ እኛ ግቢ ያራግፋል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ስልኬ ጮኸ። ሚስቴ ናት፣ ከቨርጂኒያ። እዚያ ገና ሌሊት ነው። ያቺ ሌሊት ደግሞ አሜሪካ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የምትገፋባት ነበረች።

«የት ነህ?»

«ቤት።»

ዝም አለች። «የት ቤት?»

«እማዬ ቤት ነኛ! ምን ሆነሻል?»

አለቀሰች። የበረራዬን ሰዓት ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ግን ስልኳ ላይ የእኛን አየር መንገድ ስም ከአደጋ ጋር ስታየው ማታ የለ፣ ጠዋት የለ፣ ሁሉም ጠፋባት።

እንዲህ ነው የሰማሁት። ወደ ናይሮቢ የሚሄደው ኢቲ 302 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ ተነሣ። 6 ደቂቃ ነው በአየር ላይ የቆየው። ከቢሾፍቱ ማዶ፣ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ማሳ ላይ ወደቀ። 157 ሰው። አንድም የተረፈ የለም። እኛ ያን ሰዓት በርበሬ እናሽግ ነበር።

ሰፈራችን ያን ቀን አንድ ነገር በደንብ ያውቅ ነበር፤ የእሷ ልጅ ዛሬ ወደ አሜሪካ ይመለሳል። ማታ ይሁን ጠዋት የጠየቀ የለም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች፣ ደረቷን እየደቃች በሩን በርግዳ ገባች። እኔ በአንድ እጄ አምባሻ፣ በሌላው ስኒ ይዤ ቆሜያለሁ። አየችኝ። ለቅሶው እንደሆነ አንዴ ተነሥቷል፣ ወዲያው አይቆምም። ትንሽ አልቅሳ ነው ያቆመችው። ቀጥላ ተቆጣችኝ። «ምነው አንተ፣ ብትደውል ምን ነበረበት!» ይቅርታ ጠየቅኋት። የእውነቴን ነው፤ ስላልሞትኩ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ከእሷ ኋላ ሌሎችም መጡ። አዩኝ፣ ሳሙኝ፣ አንገቴን አንቀው አለቀሱ። ግን ማንም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው ይሄ ነው። ከእኛ የሞተ የለም። የእድር ድንኳን አልተጣለም። ሆኖም ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር መጣ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ሰው ተቀመጠ። ለማናውቃቸው 157 ሰዎች እኛ ግቢ ለቅሶ ተቀመጥን። 32ቱ ኬንያውያን፣ 18ቱ ካናዳውያን እንደሆኑ የሰማነው በኋላ ነው። ለተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ወደ ናይሮቢ የሚሄዱ እንደነበሩበትም እንዲሁ። ከእኛ 9 ተሳፋሪዎችና 8ቱ የበረራ ሠራተኞች ነበሩ።

ሰዉ ምን እንደጠየቀ ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ «አብራሪው እናት አለችው?» የሚል ነበር። ቀጥሎ «አስተናጋጆቹ ልጆች ናቸው እኮ፤ ወላጆቻቸው ሰምተው ይሆን?» ቀጥሎ «ማን ይንገራቸው?» ግቢያችን ውስጥ የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ስልካቸውን አገላብጠው አዩና «መርዶ በፌስቡክ!» ብለው መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አላስረዳም። ያን ቀን ግን የስም ዝርዝር ነው እየተባለ ያልተጣራ ነገር ከስልክ ስልክ ሲዞር ዋለ። የአክስቴ ልጅ የቃጠሎውን ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ የምታለቅስ ፊት አድርጎበታል። ምን ላድርገው ብሎ እንደላከልኝ አላውቅም።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ፓስፖርቴን ፈለግኩ። የለም።

«እማዬ፣ ፓስፖርቴን አይተሻል?»

«የምን ፓስፖርት?»

ውሸት አልለመደባትም። ዓይኗ ወደ ጓዳ ሮጠ። «የእኔ አውሮፕላን ሌላ ዓይነት ነው እማዬ፣ ከዚያኛው ይተልቃል» ብላት «ትልቅ ከሆነማ አወዳደቁም የባሰ ነው» አለችኝ። ለዚህ መልስ ያለው ይምጣ። በረራው አመለጠኝ።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌ ላክሁባት። በሴት ልጅ ምክንያት ሽማግሌ ልኬ አውቃለሁ፤ በፓስፖርት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ጡረተኛው መምህር፣ የእድሩ ዳኛ፣ የንስሐ አባቷ፣ ሦስቱም መጡ። ቀኑ ምክር ቤቱ ያወጀው ብሔራዊ የሐዘን ቀን ነው። ከግቢያችን ፊት ለፊት ያለው ትምህርት ቤት ባንዲራው ዝቅ ብሎ ይታያል። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ረስተው መጀመሪያ አንድ ሰዓት ስለ ሟቾቹ አወሩ። ቴሌቪዥኑ የወደቀበትን ማሳ ያሳያል። የአካባቢው ገበሬዎች ለማያውቋቸው ሰዎች ያለቅሳሉ። እናቴ ያን እያየች ለሰለሰች መሰለኝ። ማክሰኞ ማታ እንድሄድ፣ ስነሣም ሳርፍም እንድደውል ተስማማን። ፓስፖርቴ ከጤፉ ጆንያ ውስጥ ወጣ።

መዘግየቴን ለሥራ ቦታዬ በኢሜይል ጽፌ ነበር። አየር ማረፊያ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ የሌሊት ተረኛ ነኝ። መልሱ ቶሎ መጣ፣ በጣም ጨዋ ነው። በሐዘንህ እናዝናለን፤ የሐዘን ፈቃድ እንዲታሰብልህ የተያያዘውን ቅጽ ሙላ። ሟች ምንህ ነው ይላል። ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩና «የአገሬ ሰዎች» ብዬ ጻፍኩ። «ሌላ» ፈቃዱ ውስጥ አይካተትም ተባልኩ። ታዲያ ለምን ሣጥን ሠሩለት? የማይሰጡትን ነገር ለምን ይጠይቃሉ? ሁለት ቀን ደሞዜ ተቆረጠ። ገንዘቡ አይደለም… ገንዘቡም ነው፣ ምን እደብቃለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ደረስኩ። ፓስፖርቴን ለኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ስሰጠው ገና ሲከፍተው ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ቦነነ። ሰውዬው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ጓንት አጠለቀ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዱቄት።»

«የምን ዱቄት?»

በዚህ ሁኔታ ጤፍን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ባልደረባውን ጠራ። ሁለቱም አጎንብሰው አዩት። «እናቴ ፓስፖርቴን ደብቃው ነው» ብል ነገሩ የሚሻሻል ስላልመሰለኝ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ከየት እንደመጣሁ አየና ፊቱ ፈታ አለ። «ኦ፣ የዚያ አውሮፕላን አገር። በጣም አዝናለሁ።» ማህተሙን መታ። ፓስፖርቴን ሊሰጠኝ እጁን ዘርግቶ፣ ያው ሰውዬ፣ «ፓይለቱ ልምድ ነበረው?» አለኝ።

የመጀመሪያው እሱ ነበር። የታክሲ ሾፌሩ ያው እንደምታውቁት የእኛው ልጅ ስለሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። «ከሰፈራችሁ ሰው ነበረበት?» ማታ ሥራ ስገባ ግን አለቃዬ «ፓይለቱ ልምድ ነበረው?» አለኝ። ደረቴ ላይ ስሜን አንብበው ከየት እንደሆንኩ የሚጠይቁ እንግዶች አሉ። ኢትዮጵያ ስል «ኦ!» ከዚያ ያው ጥያቄ። ሻንጣ ተሸካሚው ጠየቀኝ። ፒዛ ያመጣው ልጅ ጠየቀኝ። በአንድ ሳምንት 11 ሰው ቆጠርኩ።

ነበረው! ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው በ29 ዓመቱ 8,122 ሰዓት በርሮ ነበር። ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነው፣ 361 ሰዓት። ሆቴላችን ሎቢ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ይህችን ትንሿን ቁጥር ይዞ ያመሻል። ስምንት ሺዋን የሚያነሣት የለም። ከ5 ወር በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ አንድ ዓይነቱ፣ አዲሱ ቦይንግ 737 ማክስ፣ 189 ሰው ይዞ ባሕር ውስጥ ገብቷል። ያኔም የተጠየቀው ስለ ፓይለቶቹ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ኤምካስ የሚሉት ፕሮግራም አለ። አፍንጫው ላይ ያለች አንዲት ጠቋሚ መሣሪያ ከተሳሳተች፣ ፕሮግራሙ አውሮፕላኑ ሽቅብ የተቀሰረ ይመስለውና አፍንጫውን ቁልቁል ይደፋዋል። ፓይለቱ ቀና ያደርገዋል፣ ፕሮግራሙ ይደፋዋል። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት ደግሞ ፓይለቶቹ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩ እንኳ አልተነገራቸውም። የእኛ አየር መንገድ ማክሶቹን ወዲያው አቆመ፣ ቻይና ሰኞ አቆመች። አሜሪካ ያቆመችው እኔ በደረስኩበት ረቡዕ ነው።

መጋቢት 26 የእኛ የትራንስፖርት ሚኒስትር የመጀመሪያውን ሪፖርት ይዘው ወጡ። አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ደጋግመው አድርገዋል ይላል። እሰይ፣ አሁን ይበቃል አልኩ። አልበቃም። ግንቦት ላይ አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል አሜሪካ የሠለጠነ ፓይለት ቢሆን ይወጣው ነበር ብለው ተናገሩ። ሎቢው ውስጥ ቡና የያዘ እንግዳ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ቁልፉን ስሰጠው «መልካም እንቅልፍ» አልኩት። ሥራዬ ነዋ።

ሀበሻውም የራሱ አለው። የመረጃ መቅጃ ሣጥኖቹ ወደ አሜሪካ ሳይሆን ወደ ፓሪስ ሲላኩ፣ አዘውትሬ የምበላበት የሀበሻ ቤት ዋንጫ የበላን ነበር የመሰለው። «ለእነሱ ይሰጣል እንዴ!» እያለ ሰው ይጎራረሳል። እኔም ጎርሻለሁ።

አገር ቤት ግን የሚያናድድ የለም ማለቴ አይደለም። መጋቢት 8 ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል 17 ሣጥን ተሰለፈ። ሬሳ የለበትም። ቤተሰብ የተሰጠው ከቦታው የተዛቀ የተቃጠለ አፈር ነው። እናቴ ይህን በቴሌቪዥን አይታ ደወለችልኝ። «ቀናቸው ደርሶ ነው ልጄ» አለች። ተናደድኩ። ቀን አይደለም እማዬ፣ አንዲት ጠቋሚ ናት አልኳት። አፍንጫውን ስለሚደፋው ፕሮግራም እንደምንም ብዬ አስረዳኋት።

«ሰው ነው የሠራው?»

«አዎ።»

«ያውቁ ነበር?»

ምን እንደምላት ጠፋኝ። እሷም አልደገመችውም። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በ40 ቀኑ ጸሎት አደረሰ፣ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ለቅሶ መቀመጥ እንችልበታለን። እነሱ ደግሞ መቆም ይችሉበታል። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት የቦይንግ ዋና ኃላፊ ሴኔት ፊት ሲቀርቡ የሟች ቤተሰቦች የልጆቻቸውን፣ የወንድሞቻቸውን ፎቶ ከፍ አድርገው ከኋላቸው ቆሙ። አንዲት ሴትዮ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ፎቶውን ግን አላወረደችውም። ኩባንያው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው በ2013 ዓ.ም.፣ የእኛ የገና ዕለት ነው። ከዚያ ውስጥ ለሁለቱም አደጋዎች የሟች ቤተሰቦች የተመደበው 500 ሚሊዮን ነው። ለእናቴ «እንኳን አደረሰሽ» ልል ደውዬ ይህንን ነገርኳት። «ታዲያ ማን ታሰረ?» አለችኝ።

ሁለት ቀን ደሞዜ ግን እንደተቆረጠ ቀረ። ወረቀቱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ሌሊት አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴትዮ፣ ክፍሎቹን የምታጸዳው፣ ወደ እንግዳ መቀበያው መጣች። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ስፓኒሽ ብዙም አይሻልም። አማተበች። በፎይል የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ፑፑሳ ነው፣ የአገራቸው ቂጣ፣ ትኩስ። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችኝም። አሥር ደቂቃ ያህል ተቀምጣ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ስቆርሰው ውስጡ አይብ ነው። ጾም ነበር። በላሁት። ለንስሐ አባቴ እስካሁን አልነገርኩም።