«እኛም ጥቁሮች ነን» የሚለው መልስ

ለዓመታት አባል የሆንኩበት፣ የአንድ የእንግሊዝ ክለብ ቲፎዞዎች የሚገናኙበት ትልቅ የአማርኛ የቴሌግራም ግሩፕ ባለፈው ሳምንት አዲስ ደንብ አውጥቷል። ከእንግዲህ በግሩፑ ውስጥ ስለ ዘር፣ ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ ፆታ ማንሣት ክልክል ነው። የደንቡን መነሻ ሁላችንም አይተናል። አንድ አባል ከተጋጣሚያችን ጥቁር አጥቂ ፎቶ ሥር የዝንጀሮ ስቲከር ለጠፈና «ባሪያ» ብሎ ጻፈበት። ሌላ ወጣት አባል «እኔ በዚህ ቃል ትምህርት ቤት እየተሰደብኩ ነው ያደግሁት፤ እባካችሁ አጥፉት» ሲል በጨዋ አነጋገር ለመነ። ስቲከሩ እንደተለጠፈ ቀረ፤ ወጣቱ «ግሩፑን በጠበጠ» ተብሎ ተባረረ። በማግስቱ ከአድሚኖቹ አንዱ ደንቡን ከግሩፑ አናት ላይ ሰካውና እንዲህ የሚል ቃል ጨመረበት፦ «እዚህ የመጣነው ለኳስና ለፉገራ ነው። ደግሞ እኛም ጥቁሮች ነን፤ ማን ማንን ዘረኛ ሊል ነው?»

ከኋለኛው ልጀምር። ጥቁር መሆን ጥቁርን ከመናቅ ያድናል የሚል ኢትዮጵያዊ ወይ የአገሩን ታሪክ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ሊሸሸው ይፈልጋል። በዚህ አገር ባርነት በዐዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዘመን ያዩ አያቶች ያሳደጓቸው ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። «ባሪያ» የሚለው ቃል ሰው ከነነፍሱ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ቃል ነበር። ሻጩም ሆነ የተሸጠው በለንደን ሰው ዓይን እኩል «ጥቁር» መሆናቸው የተሸጠውን ከገበያ አላስቀረውም። ዛሬም ቢሆን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን የሰውን መልክ በደረጃ የምናስቀምጥ፣ ሕፃን ሲወለድ ጤንነቱን ከመጠየቃችን በፊት «ቀይ ነው?» የምንል እኛው ነን። ስለዚህ አድሚኑ «እኛ» ሲል እነማንን እንደቆጠረ ይንገረን። የተባረረው ወጣት በዚያ «እኛ» ውስጥ ቢኖር ኖሮ ልመናው እንደ ብጥብጥ ባልታየ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 2021 ሌሊቱን ግሩፑ ምን ይመስል እንደነበር አስታውሳለሁ። እንግሊዝ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በዌምብሌይ በጣሊያን በፍጹም ቅጣት ምት 3 ለ 2 ተሸንፋ ስትወጣ የሳቱት ማርከስ ራሽፎርድ፣ ጄደን ሳንቾና ያኔ ገና 19 ዓመቱ የነበረው ቡካዮ ሳካ የተባሉት ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ። የዝንጀሮው ምስል በሦስቱም ገጾች ላይ ጎረፈ፤ ትዊተር በፍጻሜው ዕለትና በተከታዩ 24 ሰዓት ውስጥ ብቻ 1,622 ጽሑፎች ማጥፋቱን በኋላ አስታውቋል። በውድድሩ ሰበብ እስከ መጨረሻው ከታገዱት አካውንቶች 99 በመቶ ያህሉ ባለቤታቸው ሊታወቅ የሚችል መሆኑንም ጨምሮ ገልጿል፤ ስድቡ ስምና መልክ ካላቸው ሰዎች የመጣ ነበር። ያን ጊዜ እኛም ተቆጥተን የሳካን ፎቶ የግሩፑ ምልክት አድርገን ነበር፣ ይኸው አድሚንም ነጮቹን ሲረግም ያደረበት ሌሊት ነው። ዛሬ ያው ምስል በእኛው ሰው እጅ፣ በእኛው ቋንቋ ሲለጠፍ «ፉገራ» የሚባልበትን ምክንያት ማንም አላስረዳኝም።

ፉገራን ከማንም በላይ እወዳለሁ። የኢትዮጵያን ቲፎዞ ከሌላው ዓለም ቲፎዞ የሚለየው ጣዕም እርሱ ነው ብዬም አምናለሁ። ነገር ግን ፉገራ ብድር ነው፤ ዛሬ የሰጠኸው ነገ ይመለስልሃል። ክለባችን አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2011 ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ሲሸነፍ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ዓመት ሙሉ አፋችንን አስያዙን፤ ዩናይትድ በ2023 አንፊልድ ላይ በሊቨርፑል 7 ለ 0 ሲወድቅ ዕዳው ከነወለዱ ተከፈለ። አርሰናል ከ2004 በኋላ ለሃያ ዓመት ሊጉን ባለማንሣቱ ያልሰማው ቀልድ የለም፤ አሰልጣኙ ፈርጉሰን በ2013 ከዩናይትድ ከተሰናበቱ በኋላ ደግሞ የዩናይትድ ቲፎዞ በተራው አንገቱን ደፋ። የጨዋታው ውበት ይኸው ነው፦ ሠንጠረዡ ይገለበጣል፣ ፈጋሪው ይፈገራል፣ ቅዳሜ የሳቀ ረቡዕ ይሳቅበታል፣ ሁሉም በሚያጣው ነገር ስለሚቀልድ ማንም አይጎዳም። የቆዳ ቀለም ግን አይገለበጥም። ያን ቃል የጻፈው ሰው በምላሹ ሊሰማው የሚችል፣ ያንኑ ያህል የሚከብድ አንድም ቃል በአማርኛ የለም። «ቀይ» ብለው ቢጠሩት ምስጋና ነው። አባቱ፣ አያቱ፣ ልጁ በዚያ ቃል ተጠርተው አያውቁም፤ ጓደኞቹ ፊት አንገቱን የሚያስደፋ ውጤት የትኛውም የጨዋታ ሳምንት አያመጣበትም። አንዱ ሁልጊዜ ሰጪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተቀባይ የሆነበት ነገር ብድር ሊባል አይችልም፣ ፉገራም አይደለም። ሳካ በዚያው ሳምንት ባወጣው መልእክቱ ምን ዓይነት ጥላቻ እንደሚደርስበት ወዲያውኑ ማወቁን ጽፏል። አንድ ወጣት ኳስ ስቶ ከማዘኑ በፊት የሚሰደብበትን ቃል አስቀድሞ ያውቀዋል። ይህን ዕውቀት ሳይሸከሙ ኳስ ማየት መቻል ሰው ያልደከመበት፣ ሲወለድ የተቀበለው የበላይነት ነው፤ አድሚኖቻችን ያላቸው እርሱ ነው፣ እኔም አለኝ፣ ወጣቱ ግን የለውም። «ለኳስ ብቻ እንምጣ» ብሎ ማዘዝ የሚችለውም በዚያ ሰሌዳ ላይ ከኳስ ሌላ የሚጠብቀው ነገር የሌለ ሰው ብቻ ነው።

«ኳስን ከፖለቲካ አትቀላቅሉ» የሚሉ አሉ። የስፔን ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በቫሌንሺያ ስታዲየም ጥቁሩን የሪያል ማድሪድ ተጫዋች ቪኒሲየስ ጁኒየርን በዘሩ የሰደቡ ሦስት ተመልካቾችን በስምንት ወር እስራት የቀጣው ፖለቲካ አምሮት ነው? ስድቡ የኳሱ ክፍል ነው ብለው ከተከራከሩ፣ ስድቡን መቃወምም የኳሱ ክፍል ይሁንልን።

ደንቡ ፆታንም ጨምሯል። በግሩፑ ያሉት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዷ ስለ ኦፍሳይድ በጻፈች ቁጥር «ወጥሽ እንዳያርር» የሚል መልስ ይደርሳታል። አዲሱ ደንብ የሚከለክለው ይህን መልስ ሳይሆን በመልሱ ላይ የምታቀርበውን ቅሬታ ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1921 ሴቶችን ከአባል ክለቦቹ ሜዳ ሲያባርር ጨዋታው ለእነርሱ እንደማይስማማ ምክንያት ሰጥቶ ነበር፤ እገዳው ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆየ። እኛ ዘንድ ምክንያት እንኳ አልተሰጠም።

አድሚኖቹ ያለ ክፍያ እንደሚሠሩና በቀን በሺህ የሚቆጠር መልእክት እንደሚያልፍባቸው አውቃለሁ። ሁሉንም ስድብ ማየት አይችሉም ቢባል እቀበላለሁ። ይህን ግን አይተውታል። አይተው፣ ተነጋግረው፣ ጊዜ ወስደው አንድ ሰው ለማባረር ወስነዋል፤ ድካም ይህን አይሠራም።

ኳስ ተጫዋቹ ጋቶች ፓኖም ከጋምቤላ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የሩሲያውን ክለብ አንዚ ማካችካላን ሲቀላቀል «ልጃችን» ብለን ነበር። ልጃችን ማለታችን እውነት ከሆነ የእርሱን መልክ የሚመስል ወጣት በሞባይሉ ላይ ያን ስቲከር ሲያይ ዝም እንዲል ልናዝዘው አንችልም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ዘርንም ፆታንም በስም ይጠቅሳል፤ እኔ ግን ማንንም ወደ ፍርድ ቤት አልጠራም። አድሚኖቹ መልእክት የሚያጠፉበት ቁልፍ በእጃቸው ነው፤ ባለፈው ሳምንት በአንድ ሰው ላይ ለመጠቀም አላመነቱም።

ስቲከሩ ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ ከነቃሉ ተለጥፎ አለ፣ ከሥሩም አሥራ ምናምን የሳቅ ምልክት ተደርድሯል። አጥፉት። የተሰካውን ደንብ አንሡ። ወጣቱንም በተባረረበት ሰሌዳ ላይ፣ ሁሉም በሚያነበው መልእክት፣ ይቅርታ ጠይቃችሁ መልሱት፤ የቅዳሜውን አሰላለፍ ከዚያ በኋላ እንወያያለን።