ለሳሎናችን ጣሪያ አምፖል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የሳሎን አምፖል
ደሴ

ጉዳዩ፡- በሰው ፊት ላይ እየፈጸሙት ያለውን በደል ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ከኮርኒሱ መሃል በአንድ ሽቦ ተንጠልጥለው ቤተሰቡን ቁልቁል ማየት ከጀመሩ ወዲህ የዋሉልን ውለታ ብዙ መሆኑን አንክድም። የወደቀ መርፌ ያስገኛሉ፤ ልጆች የቤት ሥራቸውን ይሠሩብዎታል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም እልል የሚባለው ለእርስዎ ነው። ቅሬታችን ከዚህ ሁሉ በላይ፣ በትክክል ለመናገር ከአናታችን በላይ ነው።

የወሎ ሰው በመልክ እንደማይታማ አገር ያውቃል። ሆኖም ቀን ፒያሳ ላይ ሲያልፍ ዓይን የሚከተለው ሰው ማታ ከእርስዎ ሥር ሲቀመጥ ሌላ ሰው ሆኖ ያድራል። ብርሃንዎ ቀጥ ብሎ ከአናት ስለሚወርድ፣ ቅንድብ በዓይን ላይ፣ አፍንጫ በከንፈር ላይ፣ አገጭ በአንገት ላይ ጥላውን ይጥላል፤ ዓይን ጉድጓድ ገብቶ ይቀርና ግንባር ብቻውን ቅቤ እንደተቀባ ያብለጨልጫል።

ባለፈው ሰሞን ጎረቤታችን እትየ፣ ጂዳ ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ሊነጋገሩ ከእርስዎ ሥር ተቀመጡ። ልጂቱ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «እማየ፣ ምነው ፊትሽ እንዲህ? አሞሽ ነው አይደል? ደብቃችሁኝ ነው!» ብላ እንባዋን ለቀቀችው። እትየ «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» እያሉ ቢምሉ ማን ይመናቸው፤ እርስዎ ከላይ ሆነው በሐሰት ይመሰክሩባቸዋል። በማግሥቱ የመታከሚያ ገንዘብ ተላከ። (ይህን የሰሙ አንዳንድ እናቶች ለመደወል ሆን ብለው ከእርስዎ ሥር መቀመጥ ጀምረዋል ይባላል፤ አላጣራንም።)

በዚያው ምሽት በዚያው ሳሎን፣ ቴሌቪዥን ውስጥ የተቀመጠው ዜና አንባቢ ግን ፊቱ ጥርት ብሎ፣ ዓይኑ እያበራ ያወራ ነበር። ከእኛ የተለየ ቆዳ ተሰጥቶት አይደለም። ስቱዲዮ ውስጥ ዋናው መብራት ከፊት ለፊት፣ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ዘወር ብሎ፣ ከዓይን ከፍታ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ሁለተኛው በሌላው ጎን ለስለስ ብሎ የመጀመሪያው የጣለውን ጥላ ያሳሳል፤ ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ የፀጉሩንና የትከሻውን ጠርዝ እያበራ ሰውየውን ከግድግዳው ይለየዋል። ሦስት ሆነው አንድ ፊት ያሳምራሉ፤ እርስዎ ብቻዎን የቤተሰቡን ሁሉ ፊት ያበላሻሉ። ደግሞም እነርሱ እንደ እርስዎ ራቁታቸውን አደባባይ አይወጡም፤ የብርሃኑ ምንጭ በሰፋ ቁጥር የጥላው ጠርዝ ስለሚለዝብ ፊታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ይጋረዳል።

የቀለምዎ ነገርማ ሌላ ጣጣ ነው። የስቱዲዮ ሰዎች መብራታቸውን ሁሉ ወይ በ3200 ወይ በ5600 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) አስማምተው ካሜራውን በዚያው ልክ ያስተካክላሉ፤ ቀለምን በታማኝነት በማሳየት ከ100 ነጥብ 95 እና ከዚያ በላይ የሚያገኘውንም ይመርጣሉ። እርስዎና እርስዎን የመሰሉ ርካሽ አምፖሎች ግን በቀይ ብርሃን ስለምትሰስቱ ጠይሙን አመድ፣ ቀዩን ቢጫ ታደርጉታላችሁ። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገቡትም ዓይናችን ባያያቸው የስልኩ ካሜራ ያያቸውና በእትየ ፊት ላይ ጥቁር መስመር ያስኬድባቸዋል።

ከዚህ በደል ትልልቆቹም አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1960 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ሪቻርድ ኒክሰን ሆስፒታል ሰንብቶ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በባለሙያ መኳኳልን እምቢ ብሎ ለፕሬዚዳንትነት ከሚፎካከረው ከጆን ኬኔዲ ጋር በቴሌቪዥን ሊከራከር ቢቀርብ፣ ስቱዲዮው ጺሙንና ላቡን ለአገር አሳየበት። ምክትል ፕሬዚዳንት ይህ ከደረሰበት እትየ ምን ይሁኑ?

ከእርስዎ በፊት የነበረው ኩራዝ፣ ጭሱ ቢያስልም፣ ከጎን በዓይን ከፍታ ይቀመጥ ስለነበር ሰው ፊት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ያውቅ ነበር። እትየም ቢሆኑ ነጭ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሲያጣፉ ብርሃኑ ወደ ላይ እየተመለሰ የአገጫቸውን ሥር ያነጣዋል፤ ይህን ያደረጉት የስቱዲዮ ትምህርት ሳይወስዱ ነው።

ስለዚህ ከኮርኒሱ ወርደው በሳሎኑ ጥግ፣ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ፣ ፊትዎን ወደ ነጩ ግድግዳ አዙረው እንዲቆሙ ተወስኗል። እንደ ትምህርት ቤት ቅጣት አይቁጠሩት፤ ከነጭ ግድግዳ የነጠረ ብርሃን ሰፍቶና ለዝቦ ፊት ላይ እንደሚያርፍ ባለሙያዎቹም ይስማሙበታል። እምቢ ካሉ ግን ሽቦውን ከሚቆርጥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ተነጋግረናል።

ከሰላምታ ጋር
ከእርስዎ ሥር ተቀማጮች

ግልባጭ፡-
ለማብሪያ ማጥፊያው፤ እንዲያውቀው ብቻ ሳይሆን እንዲያስፈጽመው