እንኳን ሰው አልተጎዳ

ቤት ለሚለውጥ ሰው ዕቃ ሊጭን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተቀጥሮ 7 ሰዓት ላይ የሚደርስ አይሱዙ ዘገየ አይባልም። ለቤቱ ባለቤት በታሰረ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ስለ ሕይወት የሚያስብበት ስድስት ሰዓት መረቀለት እንጂ። መቼም ደብረ ብርሃን ላይ አልጋው ተፈትቶ፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ፣ ሻይ ማፍያው ሳይቀር ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ፣ ባዶ ሳሎን ውስጥ መጠበቅ ለጤና ጥሩ ነው። ብርዱ ያነቃል።

በዚያ ላይ የጂኦግራፊ ትምህርቱ በነፃ ነው። መኪናው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ከሆነ 2 ሰዓት ላይ ሲደወል «ሰንዳፋን አልፈናል» ይላሉ፤ 3 ሰዓት ላይ «አለልቱ»፤ 4 ሰዓት ላይ «ሸኖ፣ ቁርስ እየቀመስን ነው»። ከስልኩ ጀርባ «ኮተቤ! ኮተቤ!» እያለ የሚጣራ የታክሲ ረዳት ከተሰማ የራስን ጆሮ መጠርጠር ነው። «ጫጫ ደርሰናል» ሲባል ልብ ይረጋጋል፤ ጫጫ ከደብረ ብርሃን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። በስልኩ ጫጫና በመሬቱ ጫጫ መካከል ያለውን ርቀት ግን እስካሁን የለካው የለም። የከተማው መኪና ከሆነ ነገሩ አጭር ነው፤ «ጠባሴ ነኝ» ይላል፣ እዚያው ጠባሴ ሰፈር ይውላል።

እዚህ ላይ ሕግ የሚጠቅሱ አንዳንድ ክፉ ሰዎች አይጠፉም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ በቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ቁጥር 1889 ደግሞ ተዋዋዮች የመዘግየቱን ኪሣራ አስቀድመው እንዲቆርጡ ይፈቅዳል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ወረቀት «ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ለእያንዳንዱ ሰዓት ይህን ያህል ብር ከዋጋው ይቀነሳል» ብሎ በምስክር ፊት መፈራረም ይቻላል። ስንት ፎቅ እንደሚወጣ፣ የማውረጃውን ማን እንደሚከፍል፣ የቡፌው መስታወት ሲጫን ደህና እንደነበረ፣ ሲሶው ዋጋ ዕቃው ወርዶ ከታየ በኋላ እንደሚከፈል፣ ሁሉም እዚያው ላይ ይጻፋል። ጨዋ ሰው ግን እንዲህ አያደርግም። ሹፌሩ የአክስት ልጅ ጓደኛ ነው፤ ወረቀት ማውጣት ነውር ነው። የሚያምረው ሙሉውን ዋጋ በዋዜማው በቴሌብር መላክ ነው።

መዘግየት ሥራንም ያቀላል። ባለ ሦስት በር የቺፑድ ቁምሳጥን በወጉ ሲፈታ ለሁለት ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መጀመሪያ መሳቢያዎቹ ይወጣሉ፤ በሮቹ ከነማጠፊያቸው ይፈታሉ፤ መስታወቱ ይነሳል፤ ከጀርባ የተመታው ስስ ጣውላ ይነቀላል፤ ጎንና ጎኑ የሚላቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ብሎኖቹ በፌስታል ታስረው በየጣውላቸው ላይ በፕላስተር ይለጠፋሉ፤ ግራና ቀኙ በጠመኔ ይጻፋል። 7 ሰዓት የደረሰ ቡድን ለዚህ ሁሉ ጣጣ ጊዜ የለውም፤ ካቻቪቴም አልያዘም። «ያዝ! በል! ወደ ላይ!» ይባልና ቁምሳጥኑ ከነልብሱ ይነሳል። ቺፑድ የተፈጨ እንጨትና ሙጫ ስለሆነ ብሎን አጥብቆ የሚይዘው አንድ ጊዜ ነው። ክብደቱ ሁሉ በአንድ ማዕዘን ሲያርፍ ብሎኑ ቀዳዳውን ፈልፍሎ ይወጣል፤ ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ ይዞት የነበረው የጀርባው ስስ ጣውላ ምስማሩን ይተፋል፤ ሳጥኑም ይንጋደዳል። ከዚያ ወዲያ በሮቹ ተገናኝተው አያውቁም። ጥቅሙ ግን የሚናቅ አይደለም፤ የትኛው ሸሚዝ የት እንደተሰቀለ ሳይከፈት ይታያል። አናጺው በበኩሉ ቀዳዳውን ኮላ በተቀባ የእንጨት ሽብልቅ ይሞላና፣ ሲደርቅ ከብሎኑ በቀጠነ መብሻ እንደገና ይበሳዋል። ይይዛል። እስከሚቀጥለው ቤት ለውጥ ድረስ።

ሶፋ በክንዱ ይነሳል፤ እጀታ ይመስላላ! ክንዱ ከዋናው እንጨት ጋር የተያያዘው በጥቂት ምስማር መሆኑን ሶፋ ሠሪው ብቻ ይወቀው። እግሮቹን ፈትቶ፣ ከሥር ዋናውን እንጨት ጨብጦ መሸከም ወገብ ያስጎነብሳል።

ፍሪጅም መቆም ይሰለቸዋል ተብሎ ይጋደማል። ሲጋደም የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል፤ እንደደረሰ ከተሰካ ኮምፕሬሰሩ ዘይቱ ሳይመለስለት ይነሳና ሊቃጠል ይችላል። ተጋድሞ የመጣ ፍሪጅ ቀጥ ብሎ ቆሞ እስከ 24 ሰዓት ሳይሰካ ቢቆይ ነው ደጉ፤ ቆሞ የመጣም ቢሆን ጥቂት ሰዓት ያስፈልገዋል። ጫኞቻችን ግን ኃላፊነት የሚሰማቸው ናቸው፤ መሥራቱን ሳያረጋግጡ አይሄዱም። ሶኬቱን ራሳቸው ይሰኩታል። «ይኸው! መብራቱ በራ!»

በሐምሌና በነሐሴ የመዘግየቱ ጥበብ ይበልጥ ይጎላል። በደጋው ጠዋት ብልጭ ብላ የነበረችው ፀሐይ ከሰዓት ቦታዋን ለዝናብ ትለቃለች፤ አይሱዙውም በዚያችው ሰዓት ይደርሳል። ሸራ የለም ወይ ሲባል «ትናንት ገብስ ጭነንበት አልደረቀም»። ቺፑድ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ሊጡ ቢጋገር ይበላል፣ ቺፑዱ ግን ቢደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ያበጠውን የእግር ጣውላ ቆርጦ መቀየር ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ዕቃ ደግሞ የተለየ ክብር አለው። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ ካለፉ በኋላ እስከ ደብረ ሲና ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጭነቱ ወደ ጋቢናው ይገፋል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፍሪጁንና ቡፌውን አስቀድሞ ከጋቢናው ጀርባ አስጠግቶ ያስራል፤ ገመዱ ጠርዙን እንዳይበላው ካርቶን ያስገባበታል፤ ቴሌቪዥኑን በቁሙ በሁለት ፍራሽ መካከል ያኖረዋል። በእኛ ወግ ግን ቴሌቪዥኑ ከፊት ይጋደማል፣ ድስቶቹ ይደረቡበታል፣ ፍሪጁ ሳይታሰር ከኋላ ይቆማል። ደብረ ሲና እስኪደረስ ሁለቱ በደንብ ተዋውቀዋል።

መድረሻው ላይ የሰፈሩ አውራጆች ይጠብቃሉ። በዚህ ሁሉ መሐል በሰዓቱ የተገኙት እነሱ ብቻ ናቸው። ራሳችን እናወርዳለን ቢባሉ «አውርዱ፤ ሒሳቡን ግን ክፈሉ»። ከመኪናው ጋር የመጡት ደግሞ «እኛ የተስማማነው ለመጫን ነው» ብለው ሲጋራ ይለኩሳሉ። ግማሹ ዕቃ ከወረደ በኋላ ጥያቄ ይነሳል፤ «3ኛ ፎቅ መሆኑን ማን ነገረን?» ዋጋ የሚቆረጠው እንዲህ ሶፋው ደረጃ ላይ ተሰንቅሮ፣ ባለቤቱ ከበላይ፣ ጫኙ ከበታች ሆነው ነው። ይህን የመሰለ ገበያ ሌላ የት ይገኛል?

ባለቤቱ የተሰነጠቀውን የቡፌ መስታወት አይቶ አፉን ሊከፍት ሲል ከጎረቤት አንዲት እናት ይደርሳሉ። «ተው ልጄ፤ እንኳን ሰው አልተጎዳ። ዕቃ ይተካል።» ሹፌሩም ከእሳቸው ቀድሞ «አሜን» ይላል። ያልተከፈለች ሲሶ ብትኖር የሚነጋገሩበት ነገር ነበራቸው፤ ሲጫን የተነሳ ፎቶ ቢኖርም እንዲሁ። ሁለቱም የሉም። ባለቤቱ የሻይ ጨምሮ ይሰጣቸዋል፤ ስልካቸውንም «ጎበዞቹ ዕቃ ጫኞች» ብሎ ይመዘግባል። እሁድ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚገቡ አማቱ አሉ።