ትርጓሜ ማስጻፍ ብቻውን አይበቃም
የሕዝብ አስተያየትን ማስተማር ከትርጓሜው መጀመር አለበት ሲል ያነበብሁት ጽሑፍ ያቀረበውን ሐሳብ ባልቃወምም፣ ሐዋሳ ውስጥ የኅብረተሰብ ትምህርት ለዓመታት እንዳስተማረ ሰው፣ ትርጓሜው ከደብተር ሲያልፍ ያየሁት ልጆቹ ራሳቸው ሰው ጠይቀው ሲመለሱ ነው። አንድ ጊዜ ስለ ከተማው ቆሻሻ አሰባሰብ እንዲጠይቁ በቡድን ልኬአቸው፣ አንደኛው ቡድን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሊበሉ የመጡትን ብቻ፣ ሌላው ደግሞ መናኸሪያ አካባቢ ያገኛቸውን የባጃጅ ሾፌሮች ብቻ ጠይቆ መጣ፤ መልሱም ፈጽሞ አልገጠመም። አንዲት ተማሪ «ታዲያ የሕዝቡ አስተያየት የትኛው ነው?» ስትል የጠየቀችው፣ ስለ ናሙና አመራረጥ እኔ ሰሌዳ ላይ ከጻፍሁት ሁሉ በለጠ (ለካ የጠመኔ አቧራ በከንቱ ስቅም ኖሬአለሁ)።

ከዚያ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደተካሄደው የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ መሻገር ቀላል ነው፤ ወላጆቻቸው በሻፌታ (ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን) እና በጎጆ (በደቡብ ክልል ውስጥ ይቆይ) ምልክቶች መካከል መምረጣቸውን አብዛኞቹ ከቤት ሰምተዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት የሚሰጥ ድምፅ ክልል እስከማቋቋም ይደርሳል፤ የአስተያየት ጥናት ግን የሰውን ስሜት ከመለካት አያልፍም። ጽሑፉ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎ ማለፉ ነው ያላረካኝ።